የተለገሱ ኮምፒውተሮችን ውጭ ሀገር ለማድረስ፦ በሻንጣ፣ በካርጎ፣ በኮንቴይነር ወይስ ገንዘቡን መላክ?

ሃያ ላፕቶፕ ተለግሷችኋል እንበል። ሌላ ሀገር ያለ አንድ ትምህርት ቤት እየጠበቀ ነው። ከመካከላችሁ አራት አምስት ሰው ከሥራ ፈቃድ ወስዶ፣ ቲኬት ቆርጦ፣ ዕቃውን በገዛ እጁ ለማስረከብ ጓጉቷል። ደስ የሚል ስሜት ነው፤ እኔም የጀመርኩት በዚሁ ስሜት ነው። ግን ቲኬቱ ከመቆረጡ በፊት ቁጭ ብሎ መነጋገር ያስፈልጋል። ዕቃ ማድረስ እና ሰው መላክ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ብዙ ቡድን የሚቸገረው ሁለቱን አንድ ላይ ስለሚያስር ነው።

የኔን አቋም ከወዲሁ ልንገራችሁ። ዕቃው ጥቂት ከሆነና ለሌላ ጉዳይ የሚጓዝ ሰው ካለ በሻንጣ ይሂድ። ብዙ ከሆነ ዕቃው ይቅደም፣ ሰው ይከተል። ዕቃ ለማድረስ ብቻ ቲኬት መቁረጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ አያዋጣም። ለምን እንደሆነ መንገዶቹን አንድ በአንድ እያየን እንሂድ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ተቀባዩን ጠይቁ

መንገድ ከመምረጣችሁ በፊት ተቀባዩ ጋ ደውሉ። ኢሜይል አይበቃም፣ ደውሉ። ክፍሉ ውስጥ ስንት የኤሌክትሪክ ሶኬት አለ? መብራት በቀን ስንት ሰዓት ይኖራል? ኢንተርኔት አለ? ማሽን ሲበላሽ የሚያየው ማነው? ድርጅቱ ዕቃ ከቀረጥ ነፃ ማስገባት የሚያስችል ሕጋዊ ምዝገባ አለው?

ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። ተቀባዩ በስሙ ዕቃ ማስገባት ካልቻለ ኮንቴይነርም ኤር ካርጎም (በአውሮፕላን የሚላክ ጭነት) አይታሰብም። ወይ ፈቃድ ያለው አጋር ድርጅት ይፈለጋል፣ ወይ እዚያው ሀገር ይገዛል።

ሌላም ነገር አለ። ተቀባዩ «የሰጣችሁንን ሁሉ እንቀበላለን» ካላችሁ ደግማችሁ ጠይቁ። ሰው ስጦታ መመለስ ይከብደዋል። «ዴስክቶፕ ባይመጣ ይሻላችኋል ወይ?» ብላችሁ በቀጥታ ስትጠይቁ ነው እውነተኛው መልስ የሚመጣው። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ላፕቶፕ በባትሪው ሁለት ሦስት ሰዓት ያሠራል። ዴስክቶፕ ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ይጠፋል፤ የተጀመረ ሥራም አብሮ ይጠፋል።

በሻንጣ ይዞ መሄድ

ሁሉም መጀመሪያ የሚያስበው ይሄንን ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ዕቃው ከዓይናችሁ አይርቅም፣ በጥቂት ቀን ይደርሳል፣ መጋዘን የለ፣ ወደብ የለ። ላብዱ የሚባለው የበጎ ፈቃደኞች መረብ የተመሠረተው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው። ለሥራ ወይም ለጉብኝት የሚጓዝ ሰው ሻንጣው ውስጥ ቦታ ካለው አንድ ሁለት የታደሰ ላፕቶፕ ይዞ ይሄዳል። እያንዳንዱ ላፕቶፕ መለያ ቁጥር ስላለው የት እንደደረሰ መከታተል ይቻላል። በጣም የምወደው አሠራር ነው፤ ሰውየው መሄዱ ስለማይቀር ለጉዞው የሚወጣ ተጨማሪ ነገር የለም ማለት ይቻላል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። የብዙ አየር መንገዶች የኢኮኖሚ ሻንጣ 23 ኪሎ ነው። ባዶ ሻንጣው ራሱ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ይመዝናል፣ መጠቅለያ ስፖንጅም አለ። አንድ ባለ 15 ኢንች ላፕቶፕ ከነቻርጀሩ 2 ኪሎ ተኩል አካባቢ ይሆናል። ስለዚህ በአንድ ሻንጣ ስድስት፣ ቢበዛ ሰባት ላፕቶፕ ይገባል። ሁለት ሻንጣ የተፈቀደለት ሰው አሥራ ሁለት ገደማ ይይዛል ማለት ነው፣ የራሱን ልብስ በእጅ ሻንጣ ከጨረሰ። ትርፍ ኪሎ ከፍላችሁም ቢሆን አንዱን ሻንጣ ከ32 ኪሎ በላይ እንዳታደርጉ፤ ለሚያነሱት ሠራተኞች ጤና ሲባል አብዛኞቹ አየር መንገዶች አይቀበሉም።

ከኪሎው ቀጥሎ የባትሪ ሕግ አለ። በዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር (አያታ) ደንብ አንድ መንገደኛ ይዞ መጓዝ የሚችለው እስከ 15 የኤሌክትሮኒክ ዕቃ ነው፤ ከዚያ በላይ የአየር መንገዱ ፈቃድ ይጠይቃል። ስልካችሁ፣ ታብሌታችሁ፣ የራሳችሁ ላፕቶፕ ሁሉ ይቆጠራል። ከላፕቶፕ የተነቀለ ትርፍ ባትሪ የሚሄደው በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው፤ ወደ ዕቃ መጫኛው በሚገባ ሻንጣ ውስጥ ፈጽሞ አይደረግም። እስከ 100 ዋት-ሰዓት (ባትሪው የሚይዘው የኃይል መጠን መለኪያ) ያለ ባትሪ ችግር የለበትም፣ ከ100 እስከ 160 ያለው አየር መንገዱን ማስፈቀድ ይፈልጋል፣ ከ160 በላይ አይቻልም። ባትሪው ላይ ዋት-ሰዓት ካልተጻፈ ቮልቱን በአምፒር-ሰዓት አባዙት፦ 11.1 ቮልት ሲባዛ በ4.4 አምፒር-ሰዓት 49 አካባቢ ይመጣል። አብዛኛው የላፕቶፕ ባትሪ እዚህ አካባቢ ነው።

ወደ ዕቃ መጫኛ የሚገባ ላፕቶፕ ሙሉ በሙሉ መጥፋት አለበት። ክዳኑን ዘግቶ «ተኝቷል» ማለት አይሆንም፤ የተኛ ማሽን ሻንጣ ውስጥ ሊነቃና ሊግል ይችላል። ባትሪው ያበጠ ላፕቶፕ ደግሞ በምንም መንገድ አውሮፕላን ላይ አይውጣ። የታችኛው ክዳን ወጣ ካለ፣ የመዳፊት ሰሌዳው ከፍ ካለ ወይም ማሽኑ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ከተወዛወዘ ባትሪው አብጦ ሊሆን ስለሚችል ሳታረጋግጡ አትጫኑት።

የዚህ መንገድ ትልቁ ፈተና ግን ሲደርሱ ያለው ጉምሩክ ነው። ለመንገደኛ ያለው ነፃ መብት ለግል መጠቀሚያ ነው። ስድስት ተመሳሳይ ላፕቶፕ የያዘን ሻንጣ «የግሌ ነው» ማለት ውሃ አያነሳም። «ያገለገለ ነው፣ ስጦታ ነው» ማለትም ብቻውን አያድንም። ብዙ ሀገሮች በ1996 በተደረሰው የዓለም ንግድ ድርጅት የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ስምምነት መሠረት ኮምፒውተር ላይ የጉምሩክ ቀረጥ አንስተዋል። ግን ስምምነቱ የሚመለከተው ቀረጡን ነው፣ ተጨማሪ እሴት ታክስና ሌሎች ክፍያዎች ሊኖሩ ይችላሉ። ሁሉም ሀገር ስምምነቱ ውስጥ አለመኖሩንም አትርሱ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ዕቃው ከቀረጥ ነፃ እንዲገባ የሚፈቅደው ደብዳቤ የተጻፈው በተቀባዩ ድርጅት ስም ነው። ዕቃው የሚገባው ግን በመንገደኛው ስም ነው። የጉምሩክ ሠራተኛዋ ሁለት የተለያየ ስም ስታይ ማቆሟ ትክክል ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ላይ የተሸካሚው ሙሉ ስም፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ የበረራ ቀን እና የያንዳንዱ ላፕቶፕ ሴሪያል ቁጥር እንዲገባ ከጉዞው በፊት ጠይቁ።

አንድ ጊዜ ለሦስት ሆነን ስምንት ላፕቶፕ ተከፋፍለን ሄድን። አንደኛዋ ጓደኛችን የሴሪያል ቁጥር ዝርዝር፣ የስጦታ ደብዳቤ እና የተቀባዩን ስልክ በአንድ ፋይል ይዛ ነበር፤ በደቂቃዎች ውስጥ አለፈች። እኔና ሌላው ጓደኛችን «ዝርዝሩ እሷ ጋ አለ» ብለን ተማምነን በሌላ መስመር ገባን። ያ ዝርዝር እኛ ጋ ስላልነበረ የያዝነው ሁሉ ተያዘ፤ ለማስለቀቅ አራት ቀን ፈጀ። ለሥልጠና ከያዝነው ሳምንት አራት ቀን ጉምሩክ ደጃፍ ላይ አለቀ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ተጓዥ የራሱን ሙሉ ወረቀት በእጁ ካልያዘ አናስነሳም።

ለማንኛውም ዲክሌር አድርጉ፤ የያዛችሁትን ሁሉ ለጉምሩክ አስታውቁ። ደብቆ ለማለፍ መሞከር የእናንተን ጉዞ ብቻ አይደለም የሚያበላሸው። ስሙ የሚጠፋው እዚያ የሚቀረው ድርጅት ነው፣ ቀጣዩን ዕቃ የሚያስገባውም እሱ ነው።

ቪዛም አለ። በአንዳንድ ሀገር በቱሪስት ቪዛ ገብቶ ማሠልጠንና ኮምፒውተር መግጠም፣ ባይከፈላችሁም እንኳ፣ እንደ ሥራ ይቆጠራል። ኤምባሲውን «ለበጎ ፈቃድ ሥራ ነው የምሄደው» ብላችሁ ጠይቁ።

ኤር ካርጎ እና ኩሪየር

ይሄኛው መሀል ላይ ያለ ምርጫ ነው። ሃያ፣ ሠላሳ፣ አርባ ላፕቶፕ ካላችሁና የትምህርት መክፈቻ ከደረሰ ይሆናል። ለዴስክቶፕና ለሞኒተር ግን አይሆንም። ካርጎ የሚያስከፍለው ከትክክለኛው ክብደት እና ከ«ቮልዩም» ክብደት የሚበልጠውን ነው። የቮልዩም ክብደት ማለት የካርቶኑ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲ ሜትር ተባዝቶ በተለመደው አሠራር ለኤር ካርጎ በ6000፣ ለኩሪየር (ዕቃን እስከ ደጃፍ በፍጥነት ለሚያደርሱ ድርጅቶች) በ5000 ሲካፈል የሚገኘው ነው። 60 በ50 በ40 የሆነ የሞኒተር ካርቶን 8 ኪሎ ቢመዝንም ኤር ካርጎ ላይ 20 ኪሎ ተብሎ ይከፈልበታል።

ባትሪን በተመለከተ፣ ለብቻው የታሸገ የሊቲየም አዮን ባትሪ ከኤፕሪል 1 ቀን 2016 ጀምሮ በመንገደኞች አውሮፕላን ላይ በካርጎ መልክ አይጫንም። ላፕቶፑ ውስጥ እንዳለ ግን በደንቡ መሠረት ታሽጎና ምልክት ተለጥፎበት መሄድ ይችላል። ስለዚህ ባትሪዎቹን ነቅላችሁ በአንድ ካርቶን አትሰብስቧቸው፤ እያንዳንዱ ከነማሽኑ ይሂድ።

ዕቃው እንደደረሰ የመጋዘን ኪራይ ቶሎ መቁጠር ይጀምራል። ወረቀቱ አስቀድሞ ካላለቀ የካርጎው ፍጥነት ትርጉም የለውም።

ኮንቴይነር

ከመቶ በላይ ማሽን ካላችሁ፣ በተለይ ዴስክቶፕ ካለበት፣ ባሕር ነው መንገዱ። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 33 ሜትር ኪዩብ ያህል ይይዛል፣ ባለ 40 ጫማው 67 ገደማ። ካልሞላላችሁ ከሌላ ላኪ ጋር ኮንቴይነር መጋራትም ይቻላል፤ ግን የአንዱ ላኪ ወረቀት ሲጓደል የሁላችሁም ዕቃ አብሮ ሊቆም እንደሚችል እያወቃችሁ።

ለአንድ ማሽን ሲሰላ ከሁሉም ርካሹ ይሄ ነው። ጊዜው ግን ረጅም ነው፤ ከመጫን እስከ ክፍሉ ድረስ በሳምንታት ሳይሆን በወራት አስቡት። ተቀባዩ ያለው ወደብ በሌለው ሀገር ከሆነ ደግሞ በሌላ ሀገር ማለፍ፣ ከዚያ የጭነት መኪና፣ ከዚያ ደረቅ ወደብ (ከባሕር ርቆ ሀገር ውስጥ ያለ የጭነት መቀበያ) ይጨመራል።

ብዙ ልገሳ ተሰናክሎ የሚቀረው ወደብ ላይ ነው። መርከብ ድርጅቱና ወደቡ ጥቂት ነፃ ቀናት ይሰጣሉ፣ ከዚያ በኋላ በየቀኑ ቅጣት ይቆጠራል። ከቀረጥ ነፃ ፈቃዱ ሁለት ወር ዘግይቶ ቢመጣ የወደቡ ዕዳ ከዕቃው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል፤ ያንን ዕዳ መክፈል ያቃተው ትንሽ ድርጅት ደግሞ ዕቃውን ጥሎ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ጥብቅ ነገር ልበላችሁ፦ የቀረጥ ነፃ ፈቃዱ በጽሑፍ እጃችሁ ሳይገባ መርከብ ላይ ምንም አትጫኑ። «ሂደት ላይ ነው» ከተባላችሁ አልተፈቀደም ማለት ነው።

ወረቀቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ቢል ኦፍ ሎዲንግ (መርከብ ድርጅቱ ዕቃውን መረከቡን የሚያሳይ ሰነድ)፣ ፓኪንግ ሊስት (የታሸገው ዕቃ ዝርዝር)፣ የስጦታ ደብዳቤ፣ ዋጋ የተጻፈበት ኢንቮይስ። «ስጦታ ስለሆነ ዋጋ የለውም» ብላችሁ ዜሮ አትጻፉ፣ ጉምሩክ የራሱን ግምት ይሰጠዋል። እውነተኛውን የአሮጌ ዕቃ ዋጋ ጻፉ። የተቀባዩ ስም በሁሉም ላይ ፊደል በፊደል አንድ ዓይነት ይሁን። እዚያ ያለ ትራንዚተር (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) የወረቀቶቹን ረቂቅ ከመጫኑ በፊት እንዲያየው አድርጉ፤ ከዚህ የሚበልጥ ምክር የለኝም።

አንዳንድ ሰው ኤቲኤ ካርኔ የሚባለውን ሰነድ ያነሳል። እሱ ለኤግዚቢሽን ወይም ለሥራ ገብቶ ለሚመለስ ዕቃ ነው። ለሚሰጥ ዕቃ አይሠራም።

ቆሻሻ ወይስ ዕቃ?

ይሄ ጉዳይ ሁሉንም መንገድ ይነካል፣ በተለይ ኮንቴይነርን። በ2022 ዓለም ላይ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ተፈጥሯል፤ ከዚያ ውስጥ በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ እንደዋለ የተመዘገበው 22.3 በመቶ ብቻ ነው። ከቀረው ውስጥ የተወሰነው «ያገለገለ ኮምፒውተር» እየተባለ ድሃ ሀገሮች ውስጥ ይራገፋል። ለዚህ ነው ሕጉ የጠበቀው። የባዝል ስምምነት ከ1992 ጀምሮ አደገኛ ቆሻሻ ድንበር ሲሻገር ይቆጣጠራል፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ወዲህ ደግሞ አደገኛ የተባለውም ያልተባለውም የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ከተቀባዩ ሀገር አስቀድሞ ፈቃድ ሳይገኝ መሻገር አይችልም። የአፍሪካ ሀገሮችም በ1991 የባማኮን ስምምነት ተቀብለዋል፤ አደገኛ ቆሻሻ ወደ አህጉሩ እንዳይገባ የሚከለክል ነው።

እናንተ ስጦታ ያላችሁት ወደብ ላይ ቆሻሻ እንዳይባል እያንዳንዱ ማሽን መሥራቱ ተፈትሾ ውጤቱ ከሴሪያል ቁጥሩ ጋር ይጻፍ፣ እንዳይሰበርም በደንብ ይታሸግ። የማይሠራውን «ለመለዋወጫ ይሆናል» ብላችሁ አትጨምሩ። ያ ማሽን እናንተ ጋ በሥርዓት ቢወገድ ይሻላል።

ሃርድ ዲስኩም እናንተ ጋ ይጽዳ። ፎርማት ማድረግ ብቻውን መረጃ አያጠፋም። ለአሮጌው የሚሽከረከር ዲስክ በነበረው መረጃ ላይ ሌላ መጻፍ ይበቃዋል፤ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው አዲሱ ዓይነት ዲስክ) ከሆነ ግን በራሱ የማጥፊያ ትእዛዝ መጥፋት አለበት። የለጋሹ ድርጅት የደንበኞች መዝገብ የተማሪ ላፕቶፕ ላይ ቢገኝ ቀጣይ ልገሳ አይኖርም።

ከዊንዶውስ 10 ጋር የመጡ ማሽኖች ላይም ወስኑ። መደበኛ ድጋፉ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ስለሚጠይቅና ከ8ኛው ትውልድ በፊት የወጡትን አብዛኞቹን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ስለማይቀበል ብዙ ጤነኛ ላፕቶፕ ውጭ ይቀራል። እነዚህ ሊኑክስ በሚባለው ነፃ ሲስተም ገና ዓመታት ይሠራሉ፤ ራም 8 ጊጋ ካደረጋችሁላቸውና ኤስኤስዲ ከገባላቸው በጣም ጥሩ ናቸው። ኢንተርኔት ለሌለበት ቦታ ኪዊክስን እና ኮሊብሪን ጭናችሁ ላኩ። በኪዊክስ ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ይቻላል፣ ኮሊብሪ ደግሞ ትምህርቶችን በአካባቢ ኔትወርክ ያዳርሳል። ይሄንን ሁሉ እናንተ ጋ፣ ፈጣን ኢንተርኔት ባለበት ጨርሱት። የቻርጀሩ ጀርባ ላይ «100–240 ቮልት» መጻፉን እዩ። የድሮ ዴስክቶፕ ከሆነ ከኋላ ያለችው የቮልት መቀየሪያ ማብሪያ የተቀባዩ ሀገር ቮልት ላይ ትሁን፤ በ110 ላይ ቆይታ 220 ላይ ከተሰካች ፓወር ሰፕላዩ ወዲያው ይቃጠላል።

ገንዘቡን ልኮ እዚያው መግዛት

ብዙዎች ይሄን መስማት አይወዱም። ግን አስሉት። የአንድን ሰው የደርሶ መልስ ቲኬት፣ የማደሪያና የቪዛ ወጪ ደምሩና ይዞት በሚሄደው አሥራ ሁለት ላፕቶፕ አካፍሉት። የሚመጣው ቁጥር እዚያ ሀገር አንድ የታደሰ ላፕቶፕ ከሚሸጥበት ዋጋ ከበለጠ ጉዞው እንደ ማድረሻ አያዋጣም። እዚያው ሲገዛ ዋስትና አለው፣ መሰኪያው ይገጥማል፣ ኪቦርዱ የለመዱት ነው፣ የሚጠግነው ሰውም ቅርብ ነው። የአካባቢው ነጋዴም ይጠቀማል።

የማይሆንበት ጊዜም አለ። ገበያው ላይ ዕቃ ከሌለ ወይም በጣም ከተወደደ፣ ወይም ለጋሹ የሚሰጠው ዕቃ ብቻ ከሆነ። ኩባንያው ላፕቶፕ ስለሰጣችሁ ገንዘብም ይሰጣል ማለት አይደለም። አንዳንዴ ግን ዕቃውን እናንተ ጋ ሸጦ ገንዘቡን መላክ ይፈቀድ እንደሆነ መጠየቅ ይቻላል፤ እምቢ ቢሏችሁ የሚቀርባችሁ ነገር የለም።

ታዲያ ሰው መቼ ይሂድ?

ሰው ይሂድ። ዕቃው ከጉምሩክ ወጥቶ ክፍሉ ውስጥ መግባቱን በፎቶ ካያችሁ በኋላ ይሂድ። የሚሄደውም ለርክክብ ፎቶ ሳይሆን እዚያ የሚቀሩትን መምህራን ለማሠልጠን ይሁን።

ፔሩ ውስጥ የሆነው ትልቅ ትምህርት ነው። «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» በሚባለው ፕሮግራም በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ላፕቶፖች ለተማሪዎች ተከፋፈሉ። በ319 ትምህርት ቤቶች ላይ ተሠርቶ በ2012 የወጣው ጥናት በሒሳብና በቋንቋ ውጤት ላይ የታየ ለውጥ አላገኘም። ላፕቶፑ ደርሷል፣ ልጆቹም ይጠቀሙበታል። መምህሩ ግን ትምህርቱ ውስጥ እንዴት እንደሚያስገባው በቂ ድጋፍ አላገኘም።

ስለዚህ አምስት ሰው ለአንድ ሳምንት ከሚሄድ፣ ሁለት ሰው ለሦስት ሳምንት ቢሄድ እመርጣለሁ። አንዱ ጥገና የሚያውቅ፣ አንዱ ማስተማር የሚችል። እዚያ ሁለት ሰው ይመረጥና ማሽን መፍታት፣ ሲስተም እንደገና መጫን፣ ራም መቀየር በእጃቸው ይለማመዱ። እናንተ እያያችሁ እነሱ ይሥሩት። ሻንጣችሁ ውስጥ ትርፍ ቻርጀር፣ ኤስኤስዲ፣ ራምና ጠመንጃ መፍቻ ይኑር፤ ቀላል ናቸው፣ ግን እዚያ ለማግኘት የሚከብዱት እነሱ ናቸው።

በርክክቡ ወረቀት ላይ የሴሪያል ቁጥሮቹ፣ የተቀባዩ ፊርማ እና ሲበላሽ ለማን እንደሚደወል ይጻፍ። አንድ ነገር ደግሞ በቃል ጠይቁ፦ የክፍሉ ቁልፍ ማን ጋ ነው የሚቀመጠው? ኃላፊው ጋ ብቻ ከሆነና ዕቃ ቢጠፋ ከደሞዙ የሚቆረጥበት ከሆነ ክፍሉ ተቆልፎ መክረሙ አይቀርም፣ በእሱም አይፈረድም። ገና እዚያው እያላችሁ ከትምህርት ቤቱ አስተዳደር ጋር ተነጋገሩና በጽሑፍ አስቀምጡት፦ ለሚደርሰው ብልሽት አንድ ሰው ብቻውን እንዳይጠየቅ፣ ቁልፉም ቢያንስ ሁለት መምህራን ጋ እንዲኖር።